የልጄ የጉበት ነገር በደም ምርመራ ቀድሞ ይታወቃል ወይ?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የስምንት ዓመት ልጄ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው በዘር የሚወረስ በሽታ አለበት። የታወቀው ገና ሕፃን እያለ ነው። ቆሽቱ በደንብ ስለማይሠራ ሲበላ ኢንዛይም ይወስዳል። ሳንባው ደህና ነው፣ ክብደቱም እየጨመረ ነው። በየዓመቱ ደም ይሰጣል። አምና በመሀል ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም 71 ሆኖ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ፤ ሲደገም 27 ሆነ። ዘንድሮ 29 ነው፣ ሐኪሙም «ጉበቱ ደህና ነው» አለኝ። ግን ወረቀቱ ላይ ጂጂቲ የሚለው ሌላው የጉበት ኢንዛይም 44 ሆኖ ቀስት ተደርጎበታል። የድሮዎቹን ወረቀቶች አውጥቼ ሳይ ጂጂቲው ካቻምና 19፣ አምና 28 ነበር። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቱ ደግሞ ካቻምና 345 ሺህ፣ አምና 270 ሺህ፣ አሁን 205 ሺህ። ስለዚህ ጉዳይ ማንም ምንም አላለኝም። እነዚህ ልጆች ጉበታቸው ሲሮሲስ፣ ማለት ከባድ ጠባሳ፣ ሊይዘው እንደሚችል አነበብኩ። ደሙ ይህን ቀድሞ ይናገራል ወይ? የትኛውን ቁጥር ነው ማየት ያለብኝ? ወይስ መድኃኒት እያበዛሁ ጉበቱን የጎዳሁት እኔ ነኝ? ልጁ መርፌ በጣም ይፈራል። ሌላ ምርመራ ልጠይቅ ወይስ ልተወው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። አትተዪው። ጠይቂ። የድሮ ወረቀቶችን አውጥቶ ጎን ለጎን ማየት የዚህ ክትትል ዋናው ሥራ ነው፤ አንቺ ደግሞ ማንም ሳይነግርሽ ሠርተሽዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ረጅም ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ደም ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልጅሽ ይህ አለበት፣ ያ የለበትም አልልሽም። ቁጥሮቹ ምን እንደሚናገሩና ምን እንደማይናገሩ፣ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ ደግሞ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ግን ልነግርሽ እችላለሁ።

የላክሽልኝን ሳነብ ኤኤልቲው ላይ አልቆምኩም። ዓይኔ የቀረው ሌሎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ጂጂቲ 19፣ 28፣ 44። ፕላትሌት 345፣ 270፣ 205። አንዱ በየዓመቱ ይወጣል፣ ሌላው በየዓመቱ ይወርዳል። ለየብቻ ሲታዩ የሚያስደነግጡ አይደሉም። 205 ሺህ ፕላትሌት ጤነኛ ቁጥር ነው፤ አብዛኛው ላብራቶሪ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ያለውን ደህና ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ችግሩ ኮምፒውተሩ የልጅሽን ቁጥር የሚያወዳድረው ከዚያ መስመር ጋር እንጂ ከልጅሽ ከራሱ የአምና ቁጥር ጋር አለመሆኑ ነው። ለዚህ ነው ማንም ምንም ያላለሽ።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገርሽ። በሥራ ዘመኔ ይህ በሽታ ያለባት አንዲት ልጅ ደሟ በየዓመቱ እኛ ዘንድ ይመጣ ነበር። ፕላትሌቷ ሁልጊዜ ደህና የሚባለው ክልል ውስጥ ነበር፤ እኔም ራሴ እየፈረምኩ አሳልፌአለሁ። አንድ ቀን ግን 140 ሺህ ሆነና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስት ተደረገበት፣ የዚያን ጊዜ የቀድሞዎቹን ስንከፍት ለአራት ዓመት ያህል ቀጥ ብሎ ሲወርድ ነበር። ጣፊያዋ አብጦ ነበር። ያን ወረቀት ቀድሞ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ቢኖር ኖሮ በጣም ቀደም ብሎ ይታይ ነበር። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ እንዳንቺ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ በጥንቃቄ የማነበውም ለዚህ ነው።

አሁን ጉበት ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ፣ ያንን ካወቅሽ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይገቡሻል። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተበላሸው ሲኤፍቲአር የሚባለው ጂን ነው፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ጨውና ውሃ ከሴል እንዲወጣ የሚያደርግ በር ነው። ሳንባ ውስጥ አክታው የሚወፍረው በሩ ስለማይከፈት ነው። ጉበት ውስጥ ደግሞ በሩ ያለው በራሳቸው በጉበት ሴሎች ላይ ሳይሆን ሐሞት የሚፈስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ከውስጥ በሸፈኑት ሴሎች ላይ ነው። በሩ ሳይሠራ ሲቀር ሐሞቱ ይወፍራል፣ ቱቦው ይደፈናል፣ በዙሪያው ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው ጉበቱን ሁሉ እኩል አይይዘውም። አንዱ ጋ ይኖራል፣ አጠገቡ ያለው ደህና ይሆናል። እያደር ጠባሳዎቹ ከተያያዙ ነው ሲሮሲስ የሚባለው።

ኤኤልቲ ያለው ጉበት ሴል ውስጥ ነው። ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳል። ስለዚህ ኤኤልቲ የሚነግርሽ በዚህ ሳምንት ስንት የጉበት ሴል እንደተጎዳ ነው። ጠባሳ መኖር አለመኖሩን አይነግርሽም። ጠባሳ ዝም ያለ ነገር ነው። ጉበቱ በግልጽ ሲሮሲስ ይዞት ኤኤልቲው ደህና የሆነ ልጅ አለ፣ ኤኤልቲው ደጋግሞ ከፍ ብሎ ጉበቱ ምንም ያልሆነ ልጅም አለ። በነገራችን ላይ 29ኙም ቢሆን «ደህና» የሚባለው በየትኛው መስመር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት 40 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጣሪያ ከአዋቂዎች የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ጤነኛ ልጆችን ለብቻ ለይቶ ሲያይ ጣሪያው ለወንዶች ወደ 26፣ ለሴቶች ወደ 22 መሆኑን አሳይቷል። ይህን ያልኩሽ በ29 እንድትደነግጪ አይደለም፣ ያ ቁጥር ብቻውን «ጉበቱ ደህና ነው» የሚያሰኝ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

አምና የመጣው 71ስ? እሱ ላይ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ማጣትሽ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከሁሉም ቁጥሮች ትንሹን ትርጉም የያዘው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጉንፋን የመሰለ የቫይረስ ሕመም ያስነሳዋል። አንዳንድ አንቲባዮቲኮች፣ በተለይ አሞክሲሲሊንና ክላቩላኔት አንድ ላይ ያሉበት፣ ያስነሱታል። የፈንገስ መድኃኒቶችም እንደዚያው። ልጁ ከደም ምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ከአቅሙ በላይ ሲሮጥና ሲዘል ከሰነበተ ጡንቻም ኤኤልቲንና ኤኤስቲ የሚባለውን ተመሳሳይ ኢንዛይም ወደ ደም ይለቃል። ደሙ ሲቀዳ ተቸግረው ከሆነና ቀይ ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ከፈረሱ ደግሞ ኤኤስቲ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል፤ ይህ የምሠራበት ቤት ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ሲደገም የተመለሰ ቁጥር፣ ተመልሷል። ትኩረት የሚሻው በተደጋጋሚ፣ ወራት እያለፉ፣ ሳይወርድ የሚቆየው ነው።

ጂጂቲ ግን ሌላ ነው። በብዛት የሚመጣው ከዚያው ከሐሞት ቱቦዎቹ አካባቢ ነው፤ የዚህ በሽታ መነሻ ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ጂጂቲው ከፍ ብሎ የሚቆይ ልጅ በኋላ የከበደ የጉበት ሕመም የማግኘት ዕድሉ ከሌሎቹ ከፍ እንደሚል በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። አራስ ሕፃናት ላይ በተፈጥሮው በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ እዚያ ዕድሜ ላይ ብዙ አያናግርም፤ በስምንት ዓመት ግን ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከ19 ተነስቶ 44 መድረሱ ትኩረት የሚገባው ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ እሱንም ከፍ ያደርጉታል፤ ልጅሽ እንዲህ ያለ ነገር የሚወስድ ከሆነ ንገሪያቸው።

ፕላትሌቱ ደግሞ የጉበት ምርመራ አይደለም፣ ተራው የደም ቆጠራ ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ሰውም የሚያልፈው ለዚህ ነው። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም ሁሉ በአንድ ትልቅ የደም ሥር ወደ ጉበት ይገባል። ጉበቱ ውስጥ መንገዱ ሲጠብ ያ ደም ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠ ጣፊያ ፕላትሌቶችን ይዞ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ ዓመት በዓመት የሚወርድ ፕላትሌት ጉበት ውስጥ የደም ግፊት እየጨመረ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም በጣም ርካሽና በጣም ጠቃሚ ምልክት ነው። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ትልቁ አደጋም ይኸው ግፊት ነው። ጉበቱ ሥራውን ለብዙ ዓመት ደህና አድርጎ እየሠራ ሳለ ግፊቱ ብቻ ሊጨምር ይችላል፤ አንዳንዶች ላይ ሲሮሲስ እንኳን ሳይኖር፣ ጉበት ውስጥ ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ብቻ ተጎድተው ይመጣል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በዪ። ካቻምና 345 በሆነ ጊዜ ልጁ ደረቱ ታሞ ነበር? ኢንፌክሽን ፕላትሌትን ከፍ ያደርጋል። እንዲያ ከሆነ 345ቱ ነው የተጋነነው፣ የቁልቁለቱ ግማሽ እውነተኛ አይደለም ማለት ነው። ሌላም አለ። ደሙ ያለበት ቱቦ ውስጥ ፕላትሌቶቹ ተጣብቀው ከሆነ ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። ይህ ሲጠረጠር በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም በሌላ ዓይነት ቱቦ መድገም ይቻላል። ስለዚህ ወረቀቶቹ ላይ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ በእስክሪብቶ ጻፊበት፦ ያን ሰሞን ታሞ ነበር፣ አንቲባዮቲክ ላይ ነበር፣ ደህና ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አንዲት እናት በእጇ የጻፈችው ማስታወሻ ከብዙ ውድ ምርመራ ይበልጣል።

ወረቀቱ ላይ ሌሎች የሚያስደነግጡ ስሞችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልለፍባቸው። አልካላይን ፎስፋቴዝ በሚያድግ ልጅ ከአጥንትም ስለሚመጣ ከፍ ቢል ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚን ዝቅ ካለ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ የምግብ እጥረት ወይም ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ደም የሚረጋበት ጊዜ፣ አይኤንአር የሚባለው፣ ከረዘመ ሁሉም ሰው ጉበት ነው ብሎ ይሮጣል፤ እነዚህ ልጆች ግን ስብ በደንብ ስለማይፈጩ ቫይታሚን ኬ ያጥራቸዋል፣ ያም ብቻውን ያረዝመዋል። ቫይታሚኑ ተሰጥቶ ከተስተካከለ ጥፋቱ የጉበቱ አልነበረም። ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚጨምረው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፣ ስለዚህ ደህና መሆኑ ብዙ አያጽናናም።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ደሙ ቀድሞ ይናገራል ወይ? አንድም ቁጥር ብቻውን አይናገርም። አብረው፣ በዓመታት ውስጥ ሲታዩ ግን ፍንጭ ይሰጣሉ። ሐኪሞች ይህንን በሒሳብ ያደርጉታል፣ ከባድ ሒሳብም አይደለም፣ ራስሽ ልትሠሪው ትችያለሽ። ጂፒአር የሚባለው የጂጂቲና የፕላትሌት ንጽጽር ነው። ጂጂቲውን ለላብራቶሪው ጣሪያ ታካፍያለሽ፣ የወጣውን ለፕላትሌቱ በሺህ ታካፍያለሽ፣ በ100 ታባዣለሽ። ጣሪያው 40 ነው ብዬ ልያዝ። ካቻምና 19 ለ40፣ ከዚያ ለ345፣ ሲባዛ ወደ 0.14 ይመጣል። ዘንድሮ 44 ለ40፣ ከዚያ ለ205፣ ወደ 0.54። አየሽ? አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ብዙም የማያስደነግጡ ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ሆነው በአራት እጥፍ ገደማ ተንቀሳቀሱ። አፕሪ የሚባለው ደግሞ በጂጂቲ ፋንታ ኤኤስቲን ይዞ ያንኑ ሒሳብ ነው የሚሠራው። ኤኤስቲውን አልጻፍሽልኝም፤ ወረቀቱ ላይ ስለሚኖር ራስሽ ሞክሪው።

ግን እነዚህን ቁጥሮች ይዘሽ ኢንተርኔት ላይ «ከዚህ በላይ ከሆነ ሲሮሲስ ነው» የሚል መስመር ፍለጋ አትግቢ። ጥናቶቹ የተለያየ መስመር ነው ያሰመሩት፣ የላብራቶሪው ጣሪያ ሲቀየር ውጤቱም ይቀየራል። ጣሪያው 40 ሳይሆን 50 ቢሆን የዘንድሮው 0.54 ወደ 0.43 ይወርድ ነበር፣ ልጁ ያው ልጅ ሆኖ። ፊብ ፎር የሚባል ሌላም ታገኛለሽ፤ እሱ ዕድሜን ስለሚያባዛ ለልጆች የሚሆን አይደለም፣ እለፊው። እነዚህ ሒሳቦች የሚጠቅሙት አንድ ልጅ ከራሱ ጋር ሲወዳደር፣ ከተቻለም በአንድ ላብራቶሪ ሲሠራለት ነው።

ምርምር ላይ ያሉ አዳዲስ የደም ጠቋሚዎችም አሉ። ቲምፕ-1፣ ኮላጅን አራት፣ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ። ጠባሳው ራሱ ሲሠራ ወደ ደም የሚወጡ ነገሮችን ነው የሚለኩት፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን በየሆስፒታሉ ለክትትል የሚውሉ አይደሉም። እነሱን ፍለጋ አትድከሚ፣ እጅሽ ላይ ያሉት ይበቃሉ።

አሁን የሚያስፈራሽን ነገር በልኩ ላስቀምጥልሽ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ካለባቸው ልጆች ውስጥ ጉበታቸው በሆነ መልኩ የሚነካ ብዙ ናቸው። ወደ ከባዱ ደረጃ፣ ወደ ሲሮሲስ ወይም ወደዚያ ግፊት የሚደርሱት ግን ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በልጅነትና በጉርምስና መጀመሪያ ነው፤ ስለዚህ ስምንት ዓመት በትኩረት የሚታይበት ዕድሜ ነው። ቆሽቱ የማይሠራ ልጅ ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ግን ቆሽታቸው የማይሠራ አብዛኞቹ ልጆችም እዚያ አይደርሱም። ሲወለድ አንጀቱ በወፈረ ሰገራ ተዘግቶ የነበረ ከሆነ ለሐኪሙ አስታውሺው። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን በሚባለው ጂን ላይ ዜድ የሚባለውን ዓይነት የተሸከመ ልጅ ከባዱ የጉበት ሕመም የመያዝ ዕድሉ ወደ አምስት እጥፍ ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ተሸካሚው ጥቂት ሰው ነው፣ ብዙዎቹ የታመሙ ልጆችም ይህ የለባቸውም፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ምርመራ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ይህ የሚመጣው ከጂኑ ነው። ሳንባውን ጠብቀሽ ያቆየሽባቸው መድኃኒቶች የሐሞት ቱቦ ውስጥ ያለውን ጠባሳ አላመጡም። አንዳንዶቹ ኤኤልቲን ለጊዜው ያስነሳሉ፣ እነሱም ሐኪሙ የሚከታተላቸው ናቸው። ልጅሽ በሩን ራሱን የሚያስተካክሉትን አዲሶቹን እንክብሎች፣ ሞዱሌተር የሚባሉትን፣ ከጀመረ ወይም ሊጀምር ከሆነ ከመጀመሩ በፊትና ከጀመረ በኋላ የጉበት ደም ምርመራው በተወሰነለት ጊዜ ሳይዘለል መሠራት አለበት፤ አንዳንዶች ላይ የጉበት ኢንዛይሞቹን ከፍ ያደርጋሉ፣ አልፎ አልፎም ማቋረጥ የሚያስፈልግበት ሁኔታ ይመጣል። ግን በፍጹም በራስሽ እጅ እንዳታቆሚው። ምንም መድኃኒት በራስሽ አታቁሚ።

እንግዲህ ምን ትጠይቂ? አልትራሳውንድ። የአሜሪካው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው መመሪያ በየዓመቱ ከሚሠራው የደም ምርመራ ጋር ከሦስት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ የጉበት አልትራሳውንድ እንዲታይ ይመክራል። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። ፑሽ የሚባል በሰሜን አሜሪካ የተደረገ ጥናት ከ3 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉበት በአልትራሳውንድ እያየ ለዓመታት ተከታትሏል፤ ጉበታቸው በሥዕሉ ላይ ወጥ ሳይሆን ዝንጉርጉር ሆኖ የታየው ልጆች በኋላ ወደ ከባዱ ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው ወጥ ሆኖ ከታየው በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ነበር። አስተውዪ ግን፣ ዝንጉርጉር ሆኖ የታየ ሁሉ አልደረሰም፤ ሥዕሉም እንደ ደሙ የዕድልን ነገር ነው የሚናገረው። ካለ ደግሞ ኤላስቶግራፊ፣ ብዙ ቦታ ፋይብሮስካን የሚሉት፣ የጉበቱን ጥንካሬ ከውጭ ይለካል። ናሙና በመርፌ መውሰድ የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። ጠባሳው በየቦታው የተበታተነ ስለሆነ መርፌው ደህናውን ቦታ ወስዶ ሊያሳስት ይችላል።

ሐኪሙ ጋ ስትገቢ «ልጄ ሲሮሲስ አለበት ወይ» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ኧረ የለበትም» ይልሽና ያልቃል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከዚያ እንዲህ በዪ፦ «ዶክተር፣ ጂጂቲው ሦስት ዓመት እየወጣ፣ ፕላትሌቱ ሦስት ዓመት እየወረደ ነው። ጣፊያውን በእጅዎ ይዩልኝ። የመጨረሻው አልትራሳውንድ መቼ ነበር? የልጆች የጉበት ሐኪም ቢያየውስ?» ይህ ንቀት አይደለም፣ ጥሩ ሐኪም ደስ ይለዋል። አብዛኞቹ ጊዜ ስለሚያጥራቸው እንጂ ስለማይገዳቸው አይደለም የሚያልፉት። ደሙንም ልጁ ከጉንፋንም ከአንቲባዮቲክም ነፃ በሆነበት ሰሞን ይድገሙት፣ ከሦስት ወር በኋላ ቢሆንም ችግር የለውም። ይህ የወራትና የዓመታት ነገር ነው፣ የነገ ጠዋት ነገር አይደለም።

ኡርሶ የሚባለውን የሐሞት መድኃኒት ሊያነሱልሽ ይችላሉ። ብዙ ልጆች ይወስዱታል። ማወቅ ያለብሽ፣ የጉበት ኢንዛይሞቹን ዝቅ ያደርጋል፣ ግን ሲሮሲስን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም፤ የ2024ቱ መመሪያም ውሰዱም አትውሰዱም አላለም። ስለዚህ ከጀመረ በኋላ ጂጂቲው ሲወርድ ብታዪ ፕላትሌቱንና አልትራሳውንዱን መከታተል አታቁሙ። የወረደው ቁጥሩ ነው፣ ጠባሳው ምን እንደሆነ ያ ቁጥር አይነግርሽም።

ቤት ውስጥ የምታደርጊው ጥቂት ነው። የሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ክትባቶቹ የተሟሉ መሆናቸውን አረጋግጪ። በደንብ ይብላ፣ ኢንዛይሙን አይዝለል፣ ክብደቱ የጉበቱም ጉዳይ ነው። ጉበት ያጸዳል የሚባል ዱቄት፣ ጠብታ፣ ቅጠል፣ ማንም ይስጥሽ ማን፣ አታስጀምሪው። ቫይታሚን ኤም ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ከታዘዘለት በላይ አትጨምሪ። ጣፊያው አብጦ ከተገኘ ሆዱ ላይ የሚመታበት ጨዋታ ይቅርበት፣ ለሕመም አይቡፕሮፌን ከመስጠትሽ በፊትም ሐኪሙን ጠይቂ።

ደም ካስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ በድንገት ከተነፋ ወይም እንደመደንዘዝ ካደረገው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያንኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ። አሁን ይመጣል ብዬ አይደለም፤ ማወቅ ስላለብሽ ነው።

መርፌውን በተመለከተ፣ ለዚህ ሁሉ አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል። ለደም ቆጠራው አንድ ቱቦ፣ ለጉበቱ አንድ፣ ለመርጊያው ጊዜ አንድ፣ ሦስቱም ከአንዱ መርፌ ይቀዳሉ። ለዓመታዊ ምርመራው ሲሄድ ሁሉንም በአንድ ወረቀት እንዲያዙልሽ ጠይቂ፣ አንዱ ተረስቶ በማግስቱ እንዳይወጋ። ቆዳውን የሚያደነዝዝ ቅባት አለ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት መቀባት አለበት፣ ስለዚህ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። ውሃ በደንብ ጠጥቶ ይሂድ፣ ደም ሥሩ በቀላሉ ይገኛል። «ምንም አያምም» አትበዪው፤ አንዴ ከዋሸሽው በሚቀጥለው ዓመት አያምንሽም። ትንሽ ይቆነጥጣል፣ እስከ አስር ቆጥረን ያልቃል በዪው።

አልትራሳውንዱ ግን መርፌ የለውም። ሆዱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው በስክሪን ማየት ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ጉበቱን ማየት ይችላል። መጀመሪያ ይህንን ንገሪው።